አሉማን ፍስክ ያደረግሁበት ጉዞ

«ታዲያ ይሄ ነገር ምንድን ነው?»

ይሄን የጠየቁኝ የመመረቂያ ሥራዬን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ የነበሩ ሽማግሌ መምህር ናቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ አሉማ ፍሬ ስለፈልፍ ቆይቻለሁ። ፕሮቲኑን፣ ቅባቱን፣ ብረቱን፣ ካልሲየሙን፣ ተቃጥሎ የሚቀረውን አመድ ሳይቀር መዝኜ በሠንጠረዥ ደርድሬያለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ምንድን ነው ይሉኛል። «እህል መሰል ነው» አልኳቸው። «የሣር ወገን ስላልሆነ እህል አይባልም፤ ግን እንደ እህል ይበላል።» «እሺ፣ የሚመስለውን ነገርሽኝ» አሉና ገጽ ገለጡ። ጥሩ ውጤት ሰጡኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ተበሳጭቼ ዋልኩ። ትክክል ነበርኩ እኮ። መጀመሪያ «እህል» ብዬ ስጽፍ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «መሰል» የምትለዋን የጨመሩት አማካሪዬ ናቸው።

አሉማን ለማታውቁት፣ በየሆቴሉ በር ላይ ቀይ ጭራውን አንጠልጥሎ የሚቆም አበባ አለ አይደል? እሱ ነው፣ ወይም የእሱ የቅርብ ዘመድ። እኛ አዳማ ፎቶ እንነሳበታለን፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ጓሮው ዘርቶ የሚበላው ሰው አለ። ፍሬው ከጤፍ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ክብ፣ ነጣ ያለ፣ እጅ ላይ አልቀመጥ የሚል። ፈረንጆቹ አማራንት ይሉታል። እኔ የሠራሁበት ፍሬ የመጣው ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ካለችው ከአምበር ነው። የዶርም ጓደኛዬ የየሺ እናት፣ እትዬ አስካል፣ ከጓሯቸው ሰብስበው በአውቶቡስ ላኩልኝ። ሲልኩ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ፦ «ማሽኑ ያለውን መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።» እሺ አልኩ። ሰው እሺ ሲል የምር የሚሄድ አይመስለውም። ከዚያ ተመረቅሁ፣ ሥራ ጠፋ፣ እናቴ «ቤት ውስጥ ስትንጎራደጂ ወለሉ አለቀ» አለችኝ፣ ሄድኩ። የሺ ሥራ ስለያዘች መምጣት አልቻለችም። የማላውቀው አገር፣ የማላውቃቸው ሰዎች ቤት፣ ብቻዬን።

ሐሙስ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ደጋግሜ ደውዬ ካረጋገጥኩ በኋላ በጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሳን። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሹራብ እና ለእትዬ አስካል ቤት የገዛሁት ብስኩት አለ። ጭኔ ላይ ደግሞ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ። አባቴ ከቤታችን የውሃ ቧንቧ ቆርጦ የሠራልኝ ነው፤ ውስጡ የመመረቂያዬ ፖስተር ተጠቅልሏል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቱቦውን ሲያይ፣ እኔን ሲያይ፣ ቱቦውን ሲያይ ቆየና «ቧንቧ ሠራተኛ ነሽ?» አለኝ።

«የምግብ ሳይንስ ነው የተመረቅሁት።»

ቱቦውን እንደገና አየው። «ምግቡ በዚህ ነው የሚያልፈው?»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ አባይ ድረስ ሳቄን ማቆም አልቻልኩም። ምን እንደነካኝ አላውቅም። የተመረቀ ሰው ሁሉ እንደዚህ ይሆን ይሆናል፤ የሚጠብቀው ፈተና የለም፣ የሚያስጠብቀው ሥራም የለም።

ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ ወጣት ነው፣ ቱቦውን ገና ከሩቅ ነው ያየው። «ውስጡ ያለውን አውጪ» አለ። አወጣሁና በሁለት እጄ ዘርግቼ ቆምኩ። ነፋሱ ከፖስተሩ ጋር ሊያበረኝ ነው። ፖስተሩ ላይ ባለ ቀለም ዓምዶች አሉ፤ ላይሲን ከሚባለው የፕሮቲን ክፍል ዓምድ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ከስኳሊን አጠገብ ደግሞ አንድ ሻርክ ዓሣ ሥዬበታለሁ። ስለ ሥዕሎቹ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከቁጥሮቹ በላይ የምኮራባቸው እነሱ ናቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ፈታሹ።

«አሉማ።»

«ወተት ነው የማየው።»

«ፕሮቲኑ ከወተት ጋር እንደሚቀራረብ ለማሳየት ነው። ዓሣው ደግሞ ስለ ቅባቱ ነው። ቅባቱ ውስጥ ስኳሊን የሚባል...»

«ጠቅልይው» አለ። የማውቀውን ሁሉ ልንገረው ያልኩት ለካ ተሳፋሪው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው። አንዲት ሴትዮ ስንሳፈር «አንቺ ልጅ፣ ሌላ ኬላ ላይ ልብስ ነው በዪ» አለችኝ።

አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ተሳፋሪው ይነጫነጫል፣ እኔ ሹራቤን አውልቄ አገሬ የገባሁ ያህል ተንፈላሰስኩ። አዳማ እኮ ዓመቱን ሙሉ ይሄው ነው። ወንዙ ግን የለንም። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንጀምር ሙቀቱና ጠመዝማዛው አንድ ላይ አዞሩኝ። ረዳቱን «አምበር ስንደርስ ቀስቅሰኝ፣ እባክህ» ብዬው ዓይኔን ጨፈንኩ።

የነቃሁት ደብረ ማርቆስ ነው። አምበርን አልፈነዋል። ረዳቱ ሻንጣ እያወረደ «በጣም ጥሩ እንቅልፍ ነበር የተኛሽው እህቴ» አለኝ፤ «አሳዘንሽኝ።» ምን ትሉታላችሁ? ለእትዬ አስካል ደወልኩ። መንገድ ዳር ቆመው እየጠበቁኝ ነበር፣ አውቶቡሳችን በፊታቸው ሲያልፍ እጃቸውን አውለብልበውለታል። «አይ ልጄ፣ እንቅልፍ ፀጋ ነው» አሉኝ። «ነገ ነቅተሽ ነይ።»

አውቶቡስ መናኸሪያው አቅራቢያ አንድ ፔንሲዮን አደርኩ። ብርዱን እንዴት ልንገራችሁ? አዳማ ማታ ማታ በአንድ አንሶላ ነው የምንተኛው፣ እሱንም ረግጠን። እዚህ ሁለቱንም ሹራብ ደርቤ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ አድርጌ፣ የጥርሴን ድምፅ እየሰማሁ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። የፔንሲዮኑ ባለቤት በሩን አንኳኩታ ጋቢ ይዛ ገባች። የራሷ ጋቢ ነው፣ ገና ሙቀቷ አለበት። «ቆለኛ መሆንሽን ስትገቢ በእግርሽ አወቅሁ» አለችኝ። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግሁት። ከዚያ ሽሮና የድንች ወጥ አቀረበችልኝ፤ ድንቹ የኛ አገር ድንች አይደለም፣ አፍ ውስጥ ይፈርሳል። የገና ጾም ስለገባ በከተማው ሥጋ ቤቶቹ ዝግ ናቸው። አዳማ ጾም የሚታወቀው በምግብ ዝርዝር ነው፣ እዚህ በጎዳናው ነው።

ዓርብ

በሚኒባስ ወደ ኋላ ተመልሼ አምበር ወረድኩ። እትዬ አስካል ትናንት የቆሙበት ቦታ ቆመዋል። አጭር፣ ፈጣን፣ ሲሄዱ የሚሮጡ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ተሳሳምን፣ አገላብጠው አዩኝ፣ «ቀጭን ነሽ፣ ማሽኑ ነው የሚበላው አንቺ አይደለሽም?» አሉኝ። ቱቦውን ከእጄ ቀሙኝና እንደ ምርኩዝ እየተመረኮዙ ቀደሙኝ።

ቤት ውስጥ የየሺ ታላቅ እህት ስመኝ አለች። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ፣ ባሏ ርቆ ስለሚሠራ እስካሁን እዚያው ናት። ልጅቷ ማኅሌት ትባላለች፤ ክርስትና ከተነሳች ቆይታለች፣ ፊቷ ጉንጭ ብቻ ነው። ብስኩቱን ለስመኝ ሰጠኋት። አመስግና ተቀበለችኝና ወዲያው ገልብጣ ጀርባውን ማንበብ ጀመረች። ጣቷን በትንንሾቹ ፊደላት ላይ እያስኬደች አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«የወተት ዱቄት አለው» አለች። «ለገና ይቀመጥ።»

«አንዱን ብትቀምሺ...»

«ተሳልኩ እኮ። ልጅቷን በሰላም ከወለድኩ የገናን ጾም ምንም ሳላጓድል እጾማለሁ ብዬ። የነፍስ አባቴ ታጠቢያለሽ ብለው ፈቅደውልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

እትዬ አስካል ከጓዳ ሆነው «ሱቅ ስትሄድ ባለሱቁ ይደበቃል» አሉ። «ጨው እንኳ ገልብጣ ታነባለች።»

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ ግን ያኔ ምን አውቄ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። እኔ አዳማ ሆኜ እጾማለሁ ስል ሥጋ አልበላም ማለቴ ነው፤ ቁርሴን ማን ነክቶት። ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ አስካል ጓሮውን ሲያስጎበኙኝ ጆሮዬ ይጮኻል። ግን አሉማውን ሳየው ረሃቤን ረሳሁት። ከወገቤ በላይ ቆሟል፤ ቀዩ ጭራ ደርቆ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ ጎንበስ ብሏል። አንድ ዓመት ሙሉ በብልቃጥ ያየሁት ነገር ነው። ፈጭቼዋለሁ፣ በአሲድ አፍልቼዋለሁ፣ በምድጃ አቃጥዬ አመዱን መዝኜዋለሁ። ቆሞ ግን አይቼው አላውቅም።

ቀምሼውም አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የአሉማ ገንፎ በኑግ ዘይት ቀረበ። የአሉማ ስታርች በጣም ደቃቅና ሙጫ ነገር ነው፣ ይሄን በማይክሮስኮፕ አውቄዋለሁ፤ ገንፎው ከማንኪያዬ አልላቀቅ ሲለኝ ግን ሌላ ነው። የተቆላ ለውዝ ይመስላል፣ ትንሽ ሣር ሣር ይላል። ሁለቴ አስጨመርኩ። ስመኝ ከእኔ በላይ በላች። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ዋና ምግቧ ይሄው ነው፤ እናቷ በየቀኑ ይሠሩላታል።

ከዚያ እትዬ አስካል ቱቦውን አቀበሉኝ። «በይ ልጄ፣ እህሌ ምን ወጣው?»

ፖስተሩን ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀልኩ። ሁለት ጎረቤቶችም ገብተው ተቀምጠዋል። እኔም ጥጋቤም ተነሳን።

«መጀመሪያ» አልኩ፣ «በትክክል እህል አይባልም እትዬ። እህል መሰል ነው የሚባለው።»

«እሺ» አሉ፤ ደነገጥ ብለው።

ቀጠልኩ። ከመቶ ግራም አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ግራሙ ፕሮቲን ነው አልኩ። በቆሎና ስንዴም ፕሮቲን አላቸው፣ ግን ላይሲን የምትባለው ክፍል ታንሳቸዋለች፤ ቤት ሲሠራ ጡቡ ሞልቶ ሲሚንቶ እንደማለቅ ነው፣ የተረፈው ጡብ ዝም ብሎ ይከመራል። አሉማ ግን ላይሲን ሞልቶታል፣ ልክ እንደ ወተት። ሥዕሉን በጣቴ አንኳኳሁት። እሱ የሚያንሰውን ደግሞ በቆሎው ይሞላለታል፣ ስለዚህ ቀላቅሉት። ብረትና ካልሲየም አለው፤ ብረቱን ግን ፋይቴት የሚባል ነገር ጨምቆ ይዞታል፣ ዱቄቱ ቦክቶ ሲያድር ነው የሚለቀው። ሻይና ቡናም ከምግቡ አርቁት፣ እነሱም ብረቱን ያስቀራሉ። ቅባቱ ውስጥ ደግሞ ስኳሊን አለ፣ ቆዳ የሚያለሰልስ፣ ድሮ ከሻርክ ዓሣ ጉበት ብቻ ይወጣ የነበረ።

«ከጉበት?» አለች ስመኝ።

«ከጉበት» አልኩ በኩራት። አንደኛዋ ጎረቤት አጨበጨበች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደምጬ አላውቅም። ስተኛ ሁሉ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ቅዳሜ

ስነቃ ፖስተሬ ጀርባውን ሰጥቶናል። ነጭ ወረቀት ብቻ። ነፋስ መስሎኝ ልገለብጠው ስነሳ ስመኝ ልጇን እያጠባች «ተይው፣ እኔ ነኝ ያዞርኩት» አለች። «ጾም ነው። ወተት እያየሁ አልበላም።»

«ሥዕል እኮ ነው።»

«ብስኩቱም ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።»

ይሄን እየሳቅሁ ሳለሁ ሳህኗን አየሁት። ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ አይቆይም፤ ቁርሷ ደረቅ ቂጣ እና ሻይ ነው። ገንፎው ክዳኑ ሳይነሳ ምድጃው ዳር ቀዝቅዟል። ሳቄ እዚያው ቀዘቀዘ።

«ለምንድን ነው የማትበዪው?»

«ከገና በኋላ እበላዋለሁ።»

«ስመኝ፣ ወተት የለበትም። የወተት ያህል ጥሩ ነው ለማለት ነው የሣልኩት።»

«ወተት ውስጥ ያለችው፣ ምን አልሻት፣ ላይሲን፤ እዚህ ያለችው ያችው ናት ወይስ ሌላ?»

ልዋሽ አልቻልኩም። «ያችው ናት።»

«ጉበቱ ውስጥ ያለው ቅባትስ? ያው ነው ወይስ ሌላ?»

«ያው ነው፣ ግን...»

«እናቴ እህል ስትል ደግሞ አይደለም ብለሽ አረምሻት።»

«እሱ በሳይንስ አመዳደብ...»

«እኔ ምን አጠፋሁ ታዲያ?» አለች፣ ሳትቆጣ፣ ልጅቷን ወደ ሌላኛው ጡት እያዞረች። «የወተት አለው፣ የጉበት አለው፣ እህል አይደለም። አንቺ ብትሆኚ በስለትሽ ትጫወቺ ነበር?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈታኜ እሷ ብትሆን ኖሮ ወድቄ ነበር።

ከእትዬ አስካል ጋር ገበያ አብረን ወጣን። ወሬው ቀድሞናል። ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ያቺ ያጨበጨበችዋ። አሉማ በቁና ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴት ስታየኝ «ወተት አለው ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለች። «ነይ እለቢልኝ እንግዲህ።» ገበያው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እትዬ አስካልም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሴትዮዋ ግን እስከ ቀትር አንድም አልሸጠችም። በመጨረሻ እኔ ገዛኋት። ምን ላድርግ?

ወደ ቤት ስንመለስ ማኅሌት ታለቅሳለች። ከሰዓት በኋላም አለቀሰች። ስመኝ ታቅፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። እትዬ አስካል ጓዳ ሆነው በቀስታ አሉኝ፦ «በቂጣና በሻይ ጡት አይሞላም፣ ልጄ። ሽሮ ሆዴን ይነፋኛል ትላለች። ያ ገንፎ ነበር የሚያቆማት። ገና ደግሞ ሩቅ ነው።»

«ወተትና እንቁላል ስጧት፤ ነፍስ አባቷም ፈቅደዋል።»

«አንቺ ስጫት እስኪ።»

አዳማ ብሆን ለእናቴ ደውዬ፣ ለአክስቴ ደውዬ፣ ሰው ሰብስቤ እጮህ ነበር። እዚህ ጮኼ ማንን ላሸንፍ? የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነው። አንዱንም ቃል ውሸት ነው ብዬ መመለስ አልችልም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ መሄዴ ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ነፍስ አባታችን ጋ እንሂድ» አሉኝ እትዬ አስካል። አባ ውበቱ እዚያው ጎጃም፣ ዲማ ገዳም የተማሩ ቄስ ናቸው፣ ቤታቸው ከአምበር ወጣ ብሎ ቁልቁል ነው። ጤፉ ታጭዶ መሬቱ ሁሉ ገለባ መስሏል፤ የኛ አገር ሜዳ በበጋ አቧራ ነው፣ የዚህ ግን ወርቅማ ነው፣ እየረገጥኩት ስሄድ ደስታዬ ሳልፈልግ ተመለሰ። እየዘለልኩ ስሄድ ምንጭ የሚያረጥበው ቦታ ላይ አንድ እግሬን አጠለቅሁ። እግሬን ሳወጣ ጫማዬ ወጣ፣ ሶሉ ግን እዚያው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

እትዬ አስካል መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። ከትናንት ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። ከዚያ የራሳቸውን ኮንጎ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ። እምቢ ብል «መሬቱ እኔን ያውቀኛል» አሉ። እስከ አባ ውበቱ ቤት እሳቸው በባዶ እግራቸው ቀድመውኝ ነው የደረሱት። ጫማው አሁን አዳማ በራችን ላይ ተቀምጧል፤ መልሰው አልተቀበሉኝም።

አባ ውበቱ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። መስቀል አሳለሙን፣ አስቀመጡን፣ ታሪኩን ከሥር ጀምሬ ነገርኳቸው። ላይሲኑን፣ ጉበቱን፣ ፖስተሩን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ይታለባል?» አሉ በመጨረሻ።

«አይታለብም፣ አባ።»

«ይታረዳል?»

«አይታረድም።»

«ከምን ይወጣል?»

«ከመሬት።»

«እና ምን ልፍረድ? ስለ ዓሣው አታንሺብኝ ብቻ፤ ዓሣ ሌላ ክርክር ነው፣ በሱ አንድ ቀን አንውልም።»

«ስለዚህ ለስመኝ ይንገሩልኝ» አልኩ። ተነስቼ ቆሜያለሁ፣ ጨርሰናል ብዬ።

«ተቀመጪ። እኔ ብነግራት ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ‹አባ አዝነውልኝ ነው› ነው የምትለው። ጾሙን ስፈቅድላትም ያለችው ይሄንኑ ነው። እኔ በዚህ አገር በርኅራኄዬ ስሜ ጠፍቷል።» እትዬ አስካል ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «የምታምነው አንቺን ነው። ስሙን ከነማሽኑ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ወተት ይመስላል አልሽ፣ ዓሣ ይመስላል አልሽ፣ እህል ይመስላል አልሽ። የዘመዶቹን ስም ጠራሽልን። ራሱስ ምንድን ነው?»

እኒያ ባለ መነጽሩ መምህር ደጃፉ ላይ የተቀመጡ መሰለኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ተነሳሁ።  

ስንመለስ ዳገቱ ላይ እትዬ አስካልን «እርስዎ ለምንድን ነው እህል የሚሉት?» አልኳቸው።

እየተነፈሱ ቆሙ። «ሌላ ምን ልበለው ልጄ? እዘራዋለሁ፣ አርመዋለሁ፣ አጭደዋለሁ፣ እወቃዋለሁ፣ አስፈጨዋለሁ፣ እበላዋለሁ። ከጤፌ ጋር አንድ ጎተራ ውስጥ ነው የሚያድረው። አንቺ ግን የተማርሽበት ስለሆነ ዝም አልኩ።»

የሣር ወገን ያልሆነ ነገር በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ምን እንደሚባል አሁንም አውቃለሁ፣ ነገ ብትጠይቁኝም እጽፈዋለሁ። ግን ያ መጽሐፍ ዕፅዋት የሚለዩበት ነው። ስመኝ የጠየቀችኝ ስለ ምሳዋ ነው። ይሄን ለማወቅ የጫማ ሶል አስከፈለኝ።

ቤት ስንገባ ማኅሌት አሁንም እየተነጫነጨች ነው፣ ስመኝ ቂጣዋን ሻይ ውስጥ ትነክራለች። «ነይ ጓሮ» አልኳት። ልጅቷን አዝላ ተከተለችኝ። ከቆመው አሉማ አንዱን ጭራ ይዤ መዳፌ ላይ አሸሁት፣ እትዬ አስካል ሲያደርጉ እንዳየሁት። ገለባውን እፍ አልኩት፣ ግማሹ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አስነጠሰኝ። ስመኝ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የተረፈችውን ፍሬ እጇ ላይ አፈሰስኩላት፤ ነጭ፣ ክብ፣ የምትንሸራተት።

«አባ ምን አሉ?» አለች።

«አንቺን እንደማያሸንፉሽ።»

«እውነታቸውን ነው።» ፍሬዋን በጣቷ ገለባበጠቻት፣ ልክ የብስኩቱን ጀርባ እንዳነበበችው። «ስሚኝ ቤዛ። የምትነግሪኝን እቀበላለሁ። ከከተማ ድረስ የመጣሽው ልትነግሪን ነው፣ ጉድለቱንም አልደበቅሽንም። ግን እንደ ምናምን፣ የምናምን ያህል፣ ምናምን መሰል እንዳትዪኝ። አንድ ቃል ንገሪኝና ወይ እበላለሁ ወይ እተዋለሁ። ምንድን ነው?»

እትዬ አስካል በሩ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ማኅሌት እጇን ከአንቀልባው አውጥታ የእናቷን መዳፍ ልትይዝ ትንጠራራለች። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዙት ቃል ትዝ አለኝ፣ የዚያ ሁሉ ነገር መጀመሪያ።

«እህል ነው» አልኳት።